ፀሐይ በደጅ ሞልቶ

ይህን መጽሔት ይዘው የተቀመጡት በቢሮዎ ወይም በትምህርት ቤትዎ መስኮት አጠገብ እንደ ሆነ ፀሐዩ ፊትዎን ሲያሞቀው ይሰማዎት ይሆናል። ሙቀቱ መድረሱ እርግጥ ነው። ለአጥንትዎ የሚበጀው ጨረር ግን መስተዋቱን አላለፈም። ይህን እኔም ያወቅሁት በአክስቴ ምክንያት ነው።

አክስቴ ዕድሜያቸው ከ65 አልፏል። ባለፈው ዓመት የታጠበ የሲሚንቶ ወለል አዳልጧቸው በእጃቸው ተመርኩዘው ቢወድቁ የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። አወዳደቃቸው ወጣት ቢሆን ልብሱን አራግፎ የሚሄድበት ዓይነት ነበር። ሐኪሙ የአጥንታቸውን ጥንካሬ በመሣሪያ አስለክቶ የአጥንት መሳሳት፣ በባዕድ አጠራሩ ኦስቲዮፖሮሲስ እንደ ያዛቸው ነገራቸው። ደማቸውም ሲመረመር ቪታሚን ዲ አንሶ ተገኘ። «እማማ፣ ፀሐይ የሚሞቁት መቼ መቼ ነው?» ቢላቸው ሳቁ። «ፀሐይማ በደጅ ሞልቷል!» አሉት።

በደጅ መሙላቱ እውነት ነው። እሳቸው ግን ሳይነጋ ነጠላቸውን ተከናንበው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ተመልሰውም በሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤታቸው ሳይወጡ ይመሻል።

ቪታሚን ዲ የምንበላው ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም እንዲገባ በር የሚከፍት ነው። እርሱ ያነሰ እንደ ሆነ ከወተቱና ከጎመኑ የመጣው ካልሲየም አብዛኛው እንዲያው አልፎ ይሄዳል። ደም ደግሞ ያለ ካልሲየም መዋል አይችልም፤ ልብና ጡንቻ ይፈልጉታልና። ስለዚህ ከአጥንት ይበደራል። ደመወዝ ሳይደርስ የሚበደር ባልንጀራ ሁላችንም አለን፤ እርሱስ አንዳንዴ ይከፍላል። ሴቶች የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ አጥንታቸው ቶሎ ስለሚሳሳ ብድሩ ይበልጥ የሚከብደው በእናቶቻችን ላይ ነው።

ቆዳችን ይህን ቪታሚን በፀሐይ ኃይል እንደሚሠራ የታወቀበት መንገድ ደስ ይላል። በ1919 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ ሐኪም በበርሊን ሪኬትስ የተባለ በሽታ አጥንታቸውን ያጣመመባቸውን ሕፃናት በአልትራቫዮሌት መብራት አከመ። የአንዱን ክንድ ብቻ ብርሃን ቢያስመታው ያልተመታው ክንድ አጥንትም አብሮ ዳነ። በቆዳ ላይ የተሠራ አንድ ነገር በደም ይዘዋወር ኖሯል ማለት ነው።

«በእኛ አገር ይህ ምን ችግር ይሆናል?» ይሉ ይሆናል። በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ጥናት በአዳማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር ያሉ ተማሪዎችን ደም መርምሮ ነበር። ቪታሚን ዲ ያነሳቸው የገጠሮቹ ከመቶ 21 ያህል ሲሆኑ የከተሞቹ ከ60 በላይ ሆኑ። ሰማዩ አንድ ነው፤ የተለየው የቀኑ አዋዋል ነው። እንግዲህ የእርስዎ ቀን ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ ራስዎ ይፍረዱ።

የጧቷ ለስላሳ ፀሐይ፣ ሕፃን የምናሞቅባት፣ ደስ ብትልም ለዚህ ሥራ ደካማ ናት። ምልክቱ ጥላ ነው፤ ጥላዎ ከቁመትዎ ሲያጥር ጨረሩ በርትቷል ማለት ነው። በአዲስ አበባ ይህ ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ይጀምራል። ፊት ብቻ አይበቃም፤ ክንድና እግር ይገለጥ። ጥቁር ቆዳ ከነጩ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፤ የ70 ዓመት ሰው ቆዳም ወጣት ከሚሠራው ግማሹን አይሠራም። ቢሆንም ቆዳ እስኪቃጠል መቀመጥ ጉዳት እንጂ ትርፍ የለውም፤ አልቢኖ የሆኑ ወገኖቻችንማ ከዚህ ምክር ውጪ ናቸው።

ከምግብ የሚገኘው ጥቂት ነው። የእንቁላል አስኳል፣ ጉበትና ሰርዲን አላቸው፤ ከጤፍና ከሽሮ አይጠበቅም። ውፍረት ቪታሚኑን በስብ ውስጥ ያስቀረዋል፤ ሲጋራም አጥንትን በራሱ መንገድ ይጎዳል። ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ዘመድ ያለዎት እንደ ሆነ ስለ አጥንቱ ሐኪሙን ይጠይቁለት።

ክኒኑስ? በአሜሪካ ከ25,000 በላይ ሰዎች የተካፈሉበት፣ በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ጥናት፣ በአጥንት መሳሳት ሳይመረጡ የገቡ ጎልማሶች በየቀኑ 2,000 ዩኒት ቢውጡ ስብራታቸው አለመቀነሱን አሳይቷል። ስለዚህ ጤነኛው ወጣት ገንዘቡን ለእንቁላል ቢያውለው ይሻላል ባይ ነኝ። አጥንቱ የሳሳ ሰው ነገር ግን ሌላ ነው፤ እርሱ ሐኪም የወሰነለትን ይውሰድ እንጂ በራሱ አይጨምር፤ የበዛ ቪታሚን ዲ በደም ውስጥ ካልሲየምን አብዝቶ ኩላሊት ያበላሻልና።

አክስቴ ዛሬ መድኃኒታቸውን ይዘዋል። ረፋድ ላይ ደረጃውን ቀስ ብለው ይወርዱና በርጩማቸውን ከግቢው መካከል ያኖራሉ፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው ምስር ይለቅማሉ። መጀመሪያ ጎረቤት ምን ይለኛል ብለው አፍረው ነበር። አሁን ሁለት ጎረቤቶቻቸው የየራሳቸውን ሰፌድ ይዘው ይመጣሉ።