ሜጋፒክሰል ወይስ ሌንስ? ካሜራ ገዢው ብሩን የት ያውል?

ፎቶ ቤት ለመክፈትም ሆነ የሠርግና የምርቃት ሥራ ለመያዝ ካሜራ የሚገዛ ሰው ለሻጩ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «ስንት ሜጋፒክሰል ነው?» የሚል ነው። ደንበኛው የሚከፍለው ግን ሙሽራዋ ጥርት ብላ፣ ከኋላዋ ያለው ሕዝብና ግድግዳ ደብዝዞ ለሚታይበት ፎቶ ነው። ይህን ደግሞ ሜጋፒክሰል አይሰጥም። ገንዘቡን በካሜራው ጨርሶ ለሌንስ ያላስቀረ ገዢ ነገሩ የሚገለጥለት ሥራ ከያዘ በኋላ ነው።

የጀርባውን መደብዘዝ በዋናነት የሚወስኑት የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፣ የሌንሱ ፎካል ርዝመት፣ ከሚነሳው ሰው ያለው ርቀትና የሴንሰሩ መጠን ናቸው። የቀዳዳው ስፋት በሌንሱ ላይ በኤፍ ቁጥር ይጻፋል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ክልልም ይጠባል።

ለምሳሌ ኤፒኤስ-ሲ የሚባለውን መካከለኛ ሴንሰር ከያዘ ካሜራ ጋር በአንድ ካርቶን የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሆነው ሌንስ፣ 55 ላይ ሲደርስ ቀዳዳው ከኤፍ 5.6 አይሰፋም። በ2 ሜትር ርቀት ጥርት የሚለው ክልል 28 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በዚያው ካሜራ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ቢገጠም ክልሉ ወደ 11 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ይህ ሌንስ በካኖንም በኒኮንም በኩል ከርካሾቹ የሚመደብ ነው።

ሆኖም ወጥመድ አለው። የካኖን ኢኤፍ 50 ኤፍ 1.8 በሁሉም የኢኦኤስ ዲኤስኤልአር ካሜራዎች ላይ ይሠራል። እንደ ዲ3100 ያሉት አነስተኛ የኒኮን ካሜራዎች ግን የፎከስ ሞተር ስለሌላቸው «ዲ» የሚል ምልክት ያለው የቀድሞው 50 ሌንስ በእጅ ካልተስተካከለ አይሠራም። ገዢው «ኤኤፍ-ኤስ» የተጻፈበትን መጠየቅ አለበት።

ከዚህ የላቀ የሚፈልግ ሙሉ ፍሬም ያማትራል። ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ የብዙዎቹ የኪስ ካሜራዎች ግን 6 በ4.6 ገደማ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ካኖን 5ዲ 12.8 ሜጋፒክሰል፣ በ2008 የተከተለው ማርክ 2 ደግሞ 21 ሜጋፒክሰል ናቸው። ፋብሪካዎቹ ፊታቸውን መስታወት ወደሌላቸው ካሜራዎች በማዞራቸው እነዚህ አሮጌ ዕቃዎች ከመጀመሪያ ዋጋቸው እጅግ ወርደው ይሸጣሉ።

ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሻተሩ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ያጣራ። የማርክ 2 ሻተር የተገመተለት ዕድሜ 150,000 ነው። ፎቶው ላይ የሚታየው የፋይል ቁጥር ወደ ዜሮ ሊመለስ ስለሚችል ማስረጃ አይሆንም። ሌንሱንም ወደ ብርሃን አቅንቶ ሻጋታ እንደሌለበት ማየት፣ ከዚያም በሰፊው ቀዳዳ የሰው ፊት አንስቶ ዓይኑ መጥራቱን በማጉላት ማረጋገጥ ይገባል።

ቀዳዳውን መክፈት ሁልጊዜ አያዋጣም። በኤፍ 1.8 የተነሳ የቤተ ዘመድ ፎቶ የፊተኛውን ረድፍ አጥርቶ የኋለኛውን ያደበዝዛል፤ ለእንዲህ ያለው ኤፍ 5.6 ወይም 8 ይሻላል። ሙሽሮቹን ከግድግዳው ጥቂት ሜትር ማራቅም ጀርባውን ያደበዝዛል፤ ለዚህ ደግሞ የሚከፈል ብር የለም።