አንድ ጎራሽ፦ ስለ ባለ አንድ ጥይት ሽጉጥና ስለ ኢላማ ተኩስ

በዚህ ጽሑፍ ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት «አንድ ጎራሽ» የሚለውን ቃልና ከቃሉ ጀርባ ያለውን ነገር ነው። «ጎረሰ» ሲባል ሁላችንም የሚታየን እንጀራ ነው። በአገሬ በጃናሞራ፣ በመካነ ብርሃን ዙሪያ ባሉ ሽማግሌዎች አፍ ግን ጠመንጃም ይጎርሳል። አምስት ጥይት የሚይዘው አምስት ጎራሽ ነው። አንድ ብቻ የሚይዘውና ከተተኮሰ በኋላ በእጅ ካላጎረሱት በቀር እንደ ዱላ ከመያዝ የማያልፈው ደግሞ አንድ ጎራሽ ይባላል። ቃሉን የሰበሰብሁት ለመዝገበ ቃላት ጥናት ኮርስ ነበር፤ ነገሩ ግን ከካርዱ አልፎ ሄደብኝ። ምክንያቱም ዛሬም ቢሆን ለትክክለኛነት ብቻ ተብለው የሚሠሩ የውድድር ሽጉጦች አንድ ጎራሽ ናቸው። ሠላሳ ጥይት በአንድ ካዝና በሚጎረስበት ዘመን ሰው ለምን ወደ አንድ ይመለሳል? ጽሑፌ ይህንን ለማስረዳት ይሞክራል። (የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ወዳጆቻችን መጽሔታችንን ተውሰው ካነበቡ ትንሽ ይታገሱኝ።)

እስቲ ከራሳችን እንነሳ። የጎንደር ደገኛ ያወቃቸው የጥንቶቹ አንድ ጎራሾች ስማቸው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ግን አፋችን አማርኛ አድርጓቸዋል። ሰናድር የእንግሊዙ ስናይደር ነው። ጃኮብ ስናይደር የተባለ አሜሪካዊ በአፈሙዝ በኩል ይጎርስ የነበረውን ኤንፊልድ ጠመንጃ ከኋላው ከፍቶ ወደ ጎን የሚገለበጥ መዝጊያ አበጀለት፤ የእንግሊዝ ጦርም በ1866 እ.ኤ.አ. ተቀበለው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ የአጼ ቴዎድሮስ ሠራዊት የገጠመው ይህንን ጠመንጃ ነው። በአፈሙዝ የሚያጎርስ ሰው በደቂቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢተኩስ ነው፤ ሰናድር የያዘው ወደ አስር ይደርሳል። በዚያ ቀን ከቴዎድሮስ ወገን ወደ 700 ሰው ወደቀ፤ ከእንግሊዝ ወገን የሞተው ሁለት ሰው ነው። መድፉንና ሮኬቱን ሳንቆጥር፣ በጠመንጃ በኩል የነበረው ትልቁ ልዩነት የማጉረሻው በር ከፊት ነው ወይስ ከኋላ የሚለው ነበር።

ውጅግራ ደግሞ ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» የመጣ ነው፤ የግራ ጠመንጃ ማለት ነው። ባዚል ግራ የተባለው መኮንን የሠራው ሲሆን ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ታጠቁት። አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር፣ ጥይቱ ባለ ናስ ቀለህ፣ ባሩዱ ጥቁር ነው። ፈረንሳዮች በ1886 እ.ኤ.አ. ለቤል የሚባለውን ባለ ብዙ ጎራሽ ሲያወጡ ውጅግራ እነሱ ዘንድ አሮጌ ዕቃ ሆነ። እኛ ዘንድ ግን ገና አዲስ ነበር፤ በጅቡቲ በኩል እየገባ አድዋ ላይም ዋለ።

የእናቴ አጎት አባታቸው በአርበኝነት ዘመን ይዘውት ስለነበረው ውጅግራ ሲያወሩኝ ከጠመንጃው ይልቅ ስለ ጥይቱ ነው የሚያወሩት። «ጥይት ብር ነበር» ይሉኛል። ይህ ማጋነን አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርትሬዛ ብር ጋር በገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ይዘዋወር ነበር። እንግዲህ ኢላማ መለማመድ ማለት ገንዘብን ወደ ጽድ ግንድ መወርወር ነው። ስለዚህ ልጅ ሆነው እንዲተኩሱ የተፈቀደላቸው አንድ ጥይት ብቻ ነበር፤ ከዚያ በፊት ግን ለሳምንታት በባዶ ጠመንጃ አነጣጥር፣ ምላጭ ሳብ፣ አፈሙዙ ሲነቃነቅ እንዳላይ እየተባሉ። በግንዱ ላይ ልጡ ተልጦ ነጭ ምልክት ይደረጋል። ሲተኮስ የጥቁር ባሩድ ጭስ ፊት ላይ ይነሳል፤ ጭሱ እስኪገለጥ መምታት አለመምታትህን እንኳ አታውቅም። መቱ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ወሬውን ወደ ሌላ ያዞሩታል!

ይህ ሁሉ ስለ ጠመንጃ ነው፤ ሽጉጥስ? በጎንደር ታሪክ ሽጉጥ ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው ንግሥት ቪክቶሪያ ለአጼ ቴዎድሮስ የላከችውንና እሳቸው መቅደላ ላይ የጠጡትን ነው። ከዚያም ወዲህ ሽጉጥ እኛ ዘንድ የወገብ ጌጥ፣ የሹመት ምልክት፣ ሲከፋም የጠብ ዕቃ ነው። በሽጉጥ ኢላማ ይመታል ቢሉት የአገሬ ሰው ይስቃል፤ አጭር ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሰደፍ የለው። ትክክለኛ ትዝብት ነው። አንድ ጎራሽ የኢላማ ሽጉጥ የተፈለሰፈው ይህንኑ ችግር ለመፍታት ነው።

አሠራሩን ላስረዳ። ተራው አውቶማቲክ ሽጉጥ አንዱን ሲተኩስ ሌላውን ራሱ ያጎርሳል። ይህን የሚያደርገው ከጥይቱ ጉልበት ቆንጥሮ ነው፤ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ቀለሁን ይተፋል፣ ተመልሶ አዲስ ጥይት ይገፋል። ብረት በብረት ላይ እንዲንሸራተት ደግሞ መሃሉ ላይ ክፍተት ያስፈልጋል፤ በብዙዎቹም አፈሙዙ ራሱ በየተኩሱ ዘንበል ብሎ ይመለሳል። በየጊዜው በትክክል ወደ ነበረበት ይመለሳል ወይ? በፀጉር ልክ ላይመለስ ይችላል። በአንድ ጎራሽ ላይ ግን የሚንሸራተት ነገር የለም። መዝጊያው ከአፈሙዙ ጋር ጥርቅም ብሎ ይቆለፋል፤ ማነጣጠሪያውም ሆነ አፈሙዙ አንድ አካል ናቸው። ሌላም ትርፍ አለው። በእጀታው ውስጥ ካዝና ስለሌለ እጀታው ከተኳሹ መዳፍ ጋር እንዲገጥም ተደርጎ ከእንጨት ይቀረጻል፤ ጥይቱም በእጀታ ውስጥ እንዲገባ አጭር መሆን የለበትም። ለዚህ ነው አንዳንዱ አንድ ጎራሽ ሽጉጥ የጠመንጃ ጥይት የሚጎርሰው።

የዚህ ዓይነቱ ሁለት ሰፈር አለው ማለት ይቻላል። አንደኛው የኦሊምፒኩ ሰፈር ነው። የ50 ሜትር ሽጉጥ ውድድር በ5.6 ሚሊ ሜትር ጥይት፣ በአንድ እጅ፣ ቆሞ፣ 60 ጊዜ የሚተኮስበት ነው። የኢላማው መሃል፣ አስር ነጥብ የሚያሰጠው ክብ፣ ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በሃምሳ ሜትር ርቀት የቡና ስኒ አፍ መምታት እንደማለት ነው። ከ600 ነጥብ የሶቪየት ኅብረቱ አሌክሳንደር መለንቲየቭ በሞስኮ ኦሊምፒክ በ1980 እ.ኤ.አ. 581 አገኘ። ይህ ሬኮርድ 34 ዓመት ሙሉ የነካው አልነበረም፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የደቡብ ኮሪያው ጂን ጆንግ-ኦ 583 አድርጎ ሰበረው። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ስንት መሣሪያ፣ ስንት ኮምፒዩተር ተሻሻለ፤ የሰው ክንድ ግን የተሻሻለው በሁለት ነጥብ ነው። እኔን ከሁሉም የገረመኝ ይህ ቁጥር ነው። ጂን በ2008፣ በ2012 እና በ2016 እ.ኤ.አ. በዚሁ ውድድር ተከታትሎ ወርቅ ወሰደ፤ ከሪዮ በኋላ ግን ውድድሩ ከኦሊምፒክ ወጣና ቦታው ወንድና ሴት በጥንድ ለሚወዳደሩበት የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ተሰጠ። የአየር ሽጉጡም አንድ ጎራሽ ነው፤ ባሩድ የለውም፣ የታመቀ አየር ነው ትንሿን እርሳስ የሚገፋት፣ የአስሩ ክብም 11.5 ሚሊ ሜትር ነው። በፓሪስ በ2024 እ.ኤ.አ. ግራ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ በተራ መነጽር ተኩሶ ከጓደኛው ጋር ብር ያገኘውን ቱርካዊ ዩሱፍ ዲኬችን በስልካችሁ ያላያችሁ ያላችሁ አይመስለኝም። የያዘው ይህንኑ ዓይነት ነበር።

ሁለተኛው ሰፈር የአሜሪካኖቹ ነው። ሬሚንግተን በ1963 እ.ኤ.አ. ኤክስፒ-100 የተባለውን አወጣ፤ ሰደፉ ተቆርጦ የቀረ ጠመንጃ ነው ቢባል ይቀላል። ቶምፕሰን ሴንተር ደግሞ በ1967 እ.ኤ.አ. ኮንቴንደር የሚባለውን ሠራ። እንደ አዳኝ ጠመንጃ መሃሉ ላይ ታጥፎ ይከፈታል፤ አንዲት ሹል ብረት ነቅሎ አፈሙዙን በሌላ መቀየር ይቻላልና አንዱ እጀታ ለብዙ ዓይነት ጥይት ያገለግላል። እነዚህ ሽጉጦች ስም ያወጡት ከሜክሲኮ በመጣው የብረት ምስል ተኩስ ነው። ከብረት የተቆረጡ የዶሮ፣ የከርከሮ፣ የቱርክ ዶሮና የበግ ምስሎች በ50፣ በ100፣ በ150 እና በ200 ሜትር ይደረደራሉ። መንካት አይበቃም፣ መጣል አለበት። ሁለት መቶ ሜትር ላይ የቆመ ከባድ የብረት በግ በሽጉጥ መጣል! ለዚህ ነው የጠመንጃ ጥይት ያስፈለገው። ስፖርቱን የሚመራው ዓለም አቀፍ ማኅበር በ1976 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ። እውነቱን ለመናገር ይህ ሰፈር ለእኔ ጨዋታነቱ ይበዛብኛል፤ ልቤ ያለው ከሃምሳው ሜትር ጋር ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ። በፊተኛውና በኋለኛው ማነጣጠሪያ መካከል 30 ሴንቲ ሜትር አለ እንበል። ፊተኛው በአንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ጎን ቢያፈነግጥ፣ 50 ሜትር ላይ ስህተቱ 167 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አስር ሊያገኝ የነበረ ሰው አራት አገኘ ማለት ነው። ስለዚህ ተኳሹ በዓይኑ የሚከታተለው ኢላማውን አይደለም፤ ፊተኛውን ማነጣጠሪያ ነው፣ ኢላማው ደብዘዝ ብሎ ቢታየውም ግድ የለውም። የብዙ ጀማሪ ስህተት ኢላማውን አፍጦ ማየት ነው ይባላል። ጥይቱ አፈሙዝ ውስጥ የሚቆየው ከሰከንድ ሺህኛ ሁለት ያህል ነው፤ ያንን ያህል ጊዜ እንኳ እጅ መርጋት አለበት። ለዚህም በ50 ሜትሩ ሽጉጥ የምላጩ ክብደት ገደብ የለውም፣ በጣም ልስልስ ሊደረግ ይችላል፤ በአየር ሽጉጥ ግን ከ500 ግራም ማነስ አይፈቀድም።

ለእኛ ደገኞች አንድ ልዩ ነገር ልጨምር። በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ጥግግት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። አየሩ ከሳሳ ጥይቱን የሚይዘው የለም፤ ፍጥነቱን ይጠብቃል፣ በረጅም ርቀት ላይ ቆላ ውስጥ ከተስተካከለበት ከፍ ብሎ ይመታል። በአንጻሩ ሰውየው ራሱ አቀበት ወጥቶ ከመጣ ልቡ ይመታል፣ እጁ ከልቡ ጋር ይዘላል። የእናቴ አጎት «ትንፋሽህን አውጣና ግማሹን ይዘህ ቅር» የሚሉት ምክር በዛሬ አሠልጣኞችም ዘንድ ያለ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝ ሌላም ነገር አለ። ባለፈው ዓመት ለዘመድ ሠርግ አገር ቤት ወርጄ ነበር። በክላሽ ወደ ሰማይ ሲተኮስ ካመሹ በኋላ ጠዋት ላይ የጎረቤታችን ቤት ቆርቆሮ ተበስቶ፣ እርሳሱ ከሕፃን መኝታ አጠገብ ተገኘ። ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት በአየር ግጭት ቢዘገይም ሲመለስ በሰከንድ በአስሮች የሚቆጠር ሜትር ይወርዳል፤ ጋደም ብሎ ከተተኮሰማ የበለጠ ጉልበት ይዞ ይመጣል። ሽማግሌው ሲሰሙ ያስቆጣቸው መጀመሪያ የልጁ ነገር ነው፣ ቀጥሎ ግን «ለመሆኑ ምን ላይ ነው ያነጣጠሩት?» አሉ። ጥያቄያቸው ቀልድ አልነበረም። አንድ ጎራሽ በያዘ ሰው ቋንቋ ተኩስ ያለ ኢላማ ትርጉም የለውም፤ ለእሳቸው ልጆች ትውልድ ግን ሁለቱ ቃላት ተለያይተዋል። (ማንም ሰው መሣሪያ ይግዛ እያልሁ እንዳይመስልባችሁ፤ ስለ መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቷል፣ ያለ ፈቃድ መያዝ ያስጠይቃል።)

ለልምምዱ ግን መሣሪያም ፈቃድም አያስፈልግም። ትልልቆቹ ተወዳዳሪዎች ራሳቸው ብዙውን ሰዓት የሚያሳልፉት በባዶ ሽጉጥ ነጭ ግድግዳ ላይ እያነጣጠሩ ነው። ዶርም ውስጥ እንዲህ ሞከርነው። ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞላን፤ አንድ ኪሎ ማለት ነው፣ ከውድድር ሽጉጥ ክብደት ብዙም አይርቅም። ግድግዳው ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ አደረግን። በአንድ እጅ፣ ክንድ ሳይታጠፍ፣ ክዳኑን ከነጥቡ ጋር አስተካክሎ መያዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ሰከንዶች ሃይላንዱ ይዋልላል፣ ከዚያ ትንሽ ይረጋል፣ ወደ አስር ሰከንድ ሲጠጋ ደግሞ መንቀጥቀጡ ተመልሶ ይብሳል። የሚተኮሰው በመሃሏ እርጋታ ነው። ያ ካመለጠ ክንድን አውርዶ አርፎ እንደገና መጀመር እንጂ ግድ ብሎ ምላጭ መሳብ የለም። ከስድስታችን አምስቱ ማውረድ እየተገባን አላወረድንም፤ ያወረደው ከእኛ ሁሉ ቀጭኑ ልጅ ነው።