ስንቃቸውን ይዘው የሚመጡ የሊኑክስ ፕሮግራሞች

ክሪታ የተባለውን የሥዕል ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ መጫን የፈለገ ሰው ብዙውን ጊዜ አራት አማራጭ ይቀርብለታል፦ የሲስተሙ የራሱ ማከማቻ፣ አፕኢሜጅ፣ ስናፕ እና ፍላትፓክ። በየትኛውም ቢመጣ ፕሮግራሙ ያው ክሪታ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ከተጫነ በኋላ ነው። ማን አፕዴት ያደርገዋል? የትኞቹን ፋይሎች ማየት ይችላል? ስንት ቦታ ይይዛል?

በተለመደው የሊኑክስ አሠራር ፕሮግራም ብቻውን አይጫንም። ምስል ለመክፈት፣ ድምፅ ለማጫወት፣ መስኮት ለማሳየት የሚያገለግሉ ላይብረሪዎች በሲስተሙ ውስጥ እያንዳንዳቸው በአንድ ቅጂ ይቀመጣሉ፤ ፕሮግራሞቹ ሁሉ በጋራ ይጠቀሙባቸዋል። ኡቡንቱና ዴቢያን ይህን በኤፒቲ፣ ፌዶራ ደግሞ በዲኤንኤፍ ያስተዳድራሉ። አሠራሩ ቦታ ይቆጥባል፤ አንድ ላይብረሪ ላይ የተገኘ የደኅንነት ቀዳዳም አንዴ ሲደፈን ለሁሉም ይደፈናል። ችግሩ ሁሉም በአንድ ስሪት መስማማት ያለባቸው መሆኑ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት የተጫነ ኡቡንቱ ውስጥ ያለው ላይብረሪ ዘንድሮ ለወጣ ፕሮግራም አርጅቶ ሊገኝ ይችላል። ገንቢውም ለኡቡንቱ፣ ለፌዶራ፣ ለአርች ለየብቻ ማሸግ አለበት።

ሦስቱ አዳዲስ ፎርማቶች የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፦ እንግዳው ስንቁን ይዞ ይምጣ፣ ባለቤቱን አያስቸግር። የሚለያዩት ስንቁን እስከ ምን ድረስ እንደሚይዙና ከመጡ በኋላ ያለውን ኃላፊነት በማን ላይ እንደሚጥሉ ነው።

አፕኢሜጅ፦ አንድ ፕሮግራም፣ አንድ ፋይል

ከሦስቱ አንጋፋው አፕኢሜጅ ነው። ሳይመን ፒተር የተባለ ገንቢ እ.ኤ.አ. በ2004 ክሊክ በሚል ስም የጀመረው ሥራ ከ2013 ወዲህ በዚህ ስም ይታወቃል። ክሪታን በዚህ መንገድ የሚፈልግ ሰው ከፕሮግራሙ ድረ ገጽ አንድ ፋይል ያወርዳል። ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርጎ፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብቶ፣ እንደ ፕሮግራም እንዲሠራ ይፈቅድለታል። ከዚያ በኋላ ሁለቴ ጠቅ ማድረግ ብቻ ነው። የአስተዳዳሪ ፓስዎርድ አይጠየቅም፤ ሲስተሙ ውስጥ የሚበተን ፋይልም የለም።

ፋይሉ ሁለት ክፍል አለው። ከፊት ትንሽ ማስነሻ ፕሮግራም አለ፤ ከኋላው ስኳሽኤፍኤስ በሚባል ዘዴ የተጨመቀ ሙሉ ፎልደር ይከተላል። ሲከፈት ማስነሻው ይህን ፎልደር ሳይፈታው፣ ልክ እንደ ተሰካ ዲስክ፣ ጊዜያዊ ቦታ ላይ ያያይዘዋል። ክሪታ ሲዘጋ ይነቀላል። ፕሮግራሙን ማጥፋት የፈለገ ፋይሉን ይሰርዛል፤ ያስተካከላቸው ሴቲንጎች ግን በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ ይቀራሉ።

ዳታ በሜጋባይት እየገዛ ለሚጠቀም ሰው የዚህ ፎርማት ጥቅም ግልጽ ነው። አንዱ ያወረደውን ሌላው በፍላሽ ገልብጦ ይወስዳል፤ የትምህርት ቤት ላብ ውስጥ ላሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ አንዴ ማውረድ ይበቃል። ስናፕና ፍላትፓክም ያለ ኢንተርኔት መጫን ይችላሉ፤ ነገር ግን በትእዛዝ መስመር መሥራትንና አብረው መሄድ ያለባቸውን ሌሎች ፋይሎች ማወቅን ይጠይቃሉ።

የአፕኢሜጅ ስንቅ ግን ሙሉ አይደለም። ጂሊብሲ የተባለውን መሠረታዊ ላይብረሪ አብዛኛውን ጊዜ ከሲስተሙ ይበደራል። ስለዚህ ገንቢዎች ሆን ብለው በቆየ ሲስተም ላይ ያሽጉታል፤ በአዲስ ላይ የታሸገ አፕኢሜጅ በቆየ ሲስተም ላይ ላይነሳ ይችላል። ሌላም አለ። ከኡቡንቱ 22.04 ጀምሮ ፊውዝ 2 የተባለው ማያያዣ ላይብረሪ ከሲስተሙ ጋር አብሮ አይመጣም። ብዙ አፕኢሜጆች ሁለቴ ጠቅ ሲደረጉ ምንም ሳይሉ የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። ላይብረሪውን መጫን ይፈታዋል፤ አዲሱን ማስነሻ የያዙት ደግሞ ከነጭራሹ አያስፈልጋቸውም።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ጠባቂ የሌለው መሆኑ ነው። አፕኢሜጅ በራሱ ሳንድቦክስ፣ ማለትም ፕሮግራሙን የሚገድብ አጥር፣ የለውም፤ ተጠቃሚው የሚያየውን ፋይል ሁሉ ፕሮግራሙም ያያል። አፕዴት ማድረግም የተጠቃሚው ሥራ ነው። አምና የወረደ አፕኢሜጅ ዘንድሮም በውስጡ ያለው ላይብረሪ የአምናው ነው።

ስናፕ፦ ሁሉም በካኖኒካል በኩል

ስናፕ የኡቡንቱ ባለቤት የሆነው የካኖኒካል ሥራ ነው። በ2016 ከኡቡንቱ 16.04 ጋር ወደ ዴስክቶፕ መጣ። ሁልጊዜ ከበስተጀርባ የሚሠራ ስናፕዲ የተባለ አገልግሎት አለው። ይህ አገልግሎት በቀን አራት ጊዜ የካኖኒካልን መደብር ጠይቆ አዲስ ስሪት ካለ ራሱ ያወርዳል። የቀድሞውን ስሪት ወዲያው ስለማያጠፋው፣ አዲሱ ችግር ካመጣ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል።

ይህ አሠራር ኮምፒውተሩን አዘውትሮ መከታተል ለማይፈልግ ሰው ምቹ ነው። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ግን ፓኬጁ ሳያስበው ያልቅበታል። ስለዚህ ስናፕ የሚጠቀም ሰው ክፍያው በሚቆጠር ኔትወርክ ላይ አፕዴት እንዲቆም የሚያደርገውን ማስተካከያ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ስናፕ የሚበልጥበት መስክም አለ። ለዴስክቶፕ ብቻ ስላልተሠራ እንደ ኔክስትክላውድ ያለ የሰርቨር ፕሮግራምም ይጫንበታል። የሚወቀስበት ዋናው ነገር መደብሩ አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ የመደብሩ ሰርቨር ኮድም ለሕዝብ ክፍት አይደለም። ሊኑክስ ሚንት በ2020 በወጣው 20ኛ ስሪቱ ስናፕዲ ያለ ተጠቃሚው ፈቃድ እንዳይጫን የከለከለው በዚህ ቅሬታ ነው። አንድ መደብር መሆኑም ከአደጋ አላዳነም፤ በ2018 በመደብሩ ውስጥ በነበረ 2048ቡንቱ በተባለ ጨዋታ ክሪፕቶ ገንዘብ የሚያመነጭ ኮድ ተደብቆ ተገኝቷል።

ሳንድቦክሱ አፕአርሞር በተባለው የከርነል ጥበቃ ላይ ይመካል። እንደ ፌዶራ ይህን ጥበቃ በማይጠቀም ሲስተም ላይ ገደቡ ይላላል። ክላሲክ የሚል ምልክት ያለበት ስናፕ ደግሞ የትም ቢሆን ገደብ የለውም፤ የኮድ መጻፊያው ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ አንዱ ነው።

ፍላትፓክ፦ የጋራ መሠረት፣ ክፍት መደብር

ፍላትፓክን የጀመረው በሬድ ሃት ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ላርሰን ነው። መጀመሪያ ኤክስዲጂ አፕ ይባል ነበር፤ በ2016 ስሙ ተቀየረ፣ በ2018 ስሪት 1.0 ወጣ። የሚያገለግለው ለዴስክቶፕ ፕሮግራሞች ነው። ማንም የራሱን መደብር ማቆም ይችላል፤ አብዛኛው ሰው ግን የሚያወርደው ከፍላትሃብ ነው።

ፍላትፓክ እያንዳንዱ ፕሮግራም ሁሉን ነገር ለብቻው እንዲሸከም አያደርግም። ብዙዎች የሚፈልጓቸውን ላይብረሪዎች ራንታይም በሚባል ጥቅል ያስቀምጣል፤ ግኖምና ኬዲኢ የተባሉት ዴስክቶፖች የየራሳቸው አላቸው። ክሪታን የመጀመሪያው ፍላትፓክ አድርጎ የሚጭን ሰው ለአንድ ፕሮግራም ይህን ያህል ማውረድ ምን አመጣው ይላል። የወረደው ግን ፕሮግራሙ ብቻ ሳይሆን ራንታይሙም ነው። በዚያው ራንታይም የሚሠራ ሁለተኛ ፕሮግራም ሲመጣ የሚወርደው የራሱ ብቻ ይሆናል። የተለያየ የራንታይም ስሪት የሚጠይቁ ፕሮግራሞች ሲበዙ ግን ዲስኩ ይሞላል፤ ባለቤት ያጡትን ራንታይሞች አልፎ አልፎ ማጽዳት ያስፈልጋል።

የደኅንነት አሠራሩም ይለያል። ፕሮግራሙ በገደብ ውስጥ ሆኖ ይሠራል፤ ፋይል መክፈት ሲፈልግ ፖርታል የተባለው አሠራር የፋይል መምረጫውን መስኮት ከውጭ ያመጣለታል። ተጠቃሚው የመረጠውን ፋይል ያገኛል፣ ሌላውን አያይም። ይህ የሚሆነው ግን ገንቢው ፈቃዱን ካጠበበው ነው። ለምሳሌ ጂምፕ የተባለው የምስል ማስተካከያ ፍላትፓክ የተጠቃሚውን ፋይሎች ሁሉ እንዲያይ ተፈቅዶለት ይመጣል። ፍላትሲል የተባለው ፕሮግራም ይህን ፈቃድ በግልጽ ያሳያል፤ ማጥበብም ያስችላል። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ፍላትሃብ ላይ የተረጋገጠ የሚል ምልክት አለ፤ ጥቅሉን ያወጣው የፕሮግራሙ ባለቤት ራሱ መሆኑን ይናገራል።

ለአማርኛ ተጠቃሚ

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው አንድ ተጨማሪ ፈተና ማድረግ አለበት። ፕሮግራሙ ስንቁን ይዞ ስለመጣ የሲስተሙን የግዕዝ ፊደል ፎንትና የአጻጻፍ ዘዴ ማግኘቱ በራሱ እርግጠኛ አይደለም። ፍላትፓክ የሲስተሙን ፎንቶች ለፕሮግራሞቹ ያሳያል፤ አይባስ ለተባለው የአጻጻፍ ሲስተምም የተለየ መግቢያ አለው። አፕኢሜጅ ላይ ግን ሁሉም ያሸገው ሰው ባካተተው ላይ ይወሰናል። የአይባስ ማያያዣ ካልተካተተ አማርኛው ሌላ ቦታ ይሠራል፣ እዚያ ግን አይጻፍም። ስለዚህ ለጽሑፍ የሚሆን ፕሮግራም ሲመረጥ መጀመሪያ ከፍቶ አንድ መስመር አማርኛ መሞከር ተገቢ ነው።

እንግዲህ የቱ?

መነሻው በእጅ ያለው ሲስተም ነው። ኡቡንቱ ከስናፕ ጋር ይመጣል፤ ፌዶራና ሊኑክስ ሚንት ከፍላትፓክ ጋር። ፋይል ማቀናበሪያውን፣ ተርሚናሉንና የመሳሰለውን ከሲስተሙ ማከማቻ መውሰድ አሁንም የተሻለ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚለወጡትን የሥዕል፣ የቪዲዮና የመልእክት ፕሮግራሞች ፍላትፓክ በደንብ ይይዛቸዋል። ኡቡንቱ ላይ ሆኖ አፕዴቱን ለሌላ መተው የሚፈልግ ስናፕ ይበቃዋል። አፕኢሜጅ የሚመረጠው አንድን ፕሮግራም ለመሞከር፣ ስሪቱን ባለበት ለማቆየት ወይም በፍላሽ ለማሻገር ነው፤ የሚወርደውም ከገንቢው ድረ ገጽ ብቻ መሆን አለበት።

የማይመከረው አንዱን ፕሮግራም በሁለት ፎርማት መጫን ነው። ስናፕ የፕሮግራሙን ሴቲንግ በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ ስናፕ በሚል ፎልደር ያስቀምጣል፤ ፍላትፓክ ደግሞ በተደበቀ ሌላ ፎልደር። ፋየርፎክስን በስናፕ ሲጠቀም ቆይቶ በፍላትፓክ የከፈተ ሰው ቡክማርኮቹ ሁሉ የጠፉ ይመስለዋል። አልጠፉም፣ የድሮው ፎልደር ውስጥ ናቸው። ፎርማት የሚቀይር ሰው አስቀድሞ እነሱን ኤክስፖርት ያድርግ፤ በአዲሱ መክፈቱን ሲያረጋግጥ ብቻ የድሮውን ያጥፋ።