አንደበት ሲያዝ፦ የአጋዥና አማራጭ ተግባቦት ጥናትና የአማርኛ ሰሌዳ

በሴሬብራል ፓልሲ የተጎዳ ሕፃን፣ በስትሮክ ምክንያት አንደበታቸው የተያዘ አዛውንት፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የመተንፈሻ ቱቦ የገባላት ታካሚ፣ የሕመማቸው ምክንያት ይለያይ እንጂ አንድ ችግር ይጋራሉ፤ የሚሰማቸውን ለሐኪምም ሆነ ለቤተሰብ በቃል ሊገልጹ አይችሉም። እንዲህ ላሉ ሰዎች ንግግርን የሚደግፉ ወይም የሚተኩ መንገዶችን የሚያጠናው የሙያ ዘርፍ «አጋዥና አማራጭ ተግባቦት» ይባላል። መንገዶቹ ከእጅ ምልክት፣ ከዐይን ጥቅሻና ከሥዕል ሰሌዳ ጀምሮ ድምፅ እስከሚያወጣ ኮምፒዩተር ይደርሳሉ። ውድ የሆነው ሁልጊዜ የተሻለው አይደለም፤ መብራት በጠፋ ጊዜ የሚያገለግለው የካርቶኑ ሰሌዳ ነውና።

ዘርፉ ገና ወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ግሬግ ቫንደርሃይደን የተባለ የምህንድስና ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሴሬብራል ፓልሲ ላለበት አንድ ልጅ «አውቶኮም» የተባለ የመጻፊያ ሰሌዳ ሠራ። በዚያው ዓመት በካናዳ ቶሮንቶ ሸርሊ ማክኖተንና ባልደረቦቻቸው፣ ቻርልስ ብሊስ ለዓለም አቀፍ መግባቢያ የፈጠሯቸውን ምልክቶች መናገር ለማይችሉ ሕፃናት ማስተማር ጀመሩ። በአፍሪካ ደግሞ የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ በ1990 በዚህ ሙያ ማዕከል አቋቁሞ በማስተርስና በዶክትሬት ደረጃ ተማሪዎችን ሲያሠለጥን ቆይቷል።

ወላጆች፣ አንዳንዴም ሐኪሞች፣ ሥዕል ወይም ምልክት የለመደ ሕፃን «ሰንፎ ከመናገር ይቀራል» ብለው ይሰጋሉ። ሥጋቱ የሚጠበቅ ቢሆንም ጥናቱ አይደግፈውም። ሚላር፣ ላይትና ሽሎሰር በ2006 ባሳተሙት የጥናቶች ግምገማ፣ ጠንካራ ማስረጃ ከተገኘላቸው 27 ሰዎች መካከል 89 በመቶዎቹ በንግግራቸው መሻሻል አሳዩ፤ የቀሩት እንደነበሩ ቆዩ፤ ወደ ኋላ የተመለሰ አንድም አልነበረም። መሻሻሉ በአብዛኛው መጠነኛ መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም። ሮምስኪና ሴቭቺክ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2010 ይፋ ያደረጉት ጥናት ከዚህ ይጠነክራል፤ ከአሥር ቃላት በታች የሚናገሩ 68 ሕፃናትን በዕጣ ከፋፍለው ሲያነጻጽሩ፣ በምልክት የታገዙት ልጆች በንግግር ብቻ ከተረዱት እጅግ የበዙ ቃላት ይዘው ተገኙ። እንግዲህ «ይጠበቅ፣ አፉ ዘግይቶ ይፈታል» የሚለው ምክር ጉዳት የሌለው መስሎ የሕፃኑን ወሳኝ ዓመታት የሚያባክን ነው።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ግን የቋንቋው ጥያቄ ነው። በእንግሊዝኛ ጥቂት መቶ ቃላት የዕለት ተዕለት ንግግርን 80 በመቶ ያህል እንደሚሸፍኑ ስለሚታወቅ፣ ሰሌዳው የሚዘጋጀው በነዚያ ቃላት ነው። ዝርዝሩን ተርጉሞ መለጠፍ ግን አያዋጣም። በፕሪቶሪያ አንድ የማስተርስ ተማሪ የዙሉ ቋንቋ ተናጋሪ ሕፃናትን ንግግር ቀርጾ ሲያጠና (ውጤቱ በ2019 ታትሟል) መቁጠር የነበረበት ሙሉውን ቃል ሳይሆን ቃሉ የተገነባባቸውን ምዕላዶች ነበር። በዙሉ «ንጊያኩታንዳ» ማለት «እወድሃለሁ» ማለት ነው፤ ባለቤቱም፣ ግሡም፣ ተሳቢውም በአንድ ቃል ታጭቀዋል። አማርኛችንም እንዲሁ ነው። «አልሰጠችኝም» የምትለውን ልጅ በአንድ ሥዕል እንዴት እናናግራታለን? «መስጠት» የሚለውን ሥዕል ብትጠቁም ማን ለማን እንደሰጠ፣ መስጠቱም መከልከሉም አይለይም። ለአማርኛ ተመሳሳይ ጥናት ለመሥራት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የድምፅ መቅረጫና ትዕግሥት ያለው የድኅረ ምረቃ ተማሪ ይበቃል።

ማንበብ ለሚችል ታካሚ ፊደላችን ችግርም ዕድልም አለው። 231 ፊደላትን አንድ በአንድ እየጠሩ የዐይን ጥቅሻ መጠበቅ ሁለቱንም ወገን ያደክማል። በሁለት ደረጃ ቢሠራ ግን፣ ረዳቱ መጀመሪያ 33ቱን የግዕዝ ፊደላት ይጠራል፤ ታካሚው በአንዱ ላይ ሲጠቅስ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ካሉት ሰባት ድምፆች አንዱን ያስመርጠዋል። በድምፅ አንድ የሆኑትን ሀ፣ ሐ፣ ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ብናጣምር ደግሞ ረድፉ ወደ 28 ይወርዳል። የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት ላይወዱት ይችላሉ፤ ትንፋሽ ያጠረው ታካሚ ግን ያመሰግናል።

ሰሌዳ ላይ ያልተጻፈ ቃል ለባለሰሌዳው እንደሌለ ይቆጠራል። ቃላቱን የሚመርጡት አብዛኛውን ጊዜ ዐዋቂዎች በመሆናቸው ውኃ፣ ዳቦና ሽንት ቤት አይቀሩም፤ «መታኝ»፣ «ነካካኝ»፣ «እምቢ» ግን ይረሳሉ። የፕሪቶሪያው ማዕከል ተመራማሪዎች በ2011 ባሳተሙት ሥራቸው መናገር የማይችሉ ሰዎች ለወንጀል መጋለጣቸውንና የደረሰባቸውን የሚናገሩበት የቃላት ዝርዝር እንደሚያስፈልጋቸው ያነሡት ለዚህ ነው። የአካል ክፍሎችን ስም የማያካትት ሰሌዳ ለሐኪሙም አይጠቅምም፤ ሆዱን ያመመው ሕፃን ከማልቀስ ሌላ ምርጫ አይኖረውም።

እስከዚያው በእያንዳንዱ ክሊኒክ ሊደረግ የሚችል አለ። አስታማሚውን ከመጠየቅ በፊት ታካሚው «አዎ» እና «አይደለም» የሚልበትን መንገድ፣ ዐይን ወደ ላይ ማንሣትም ይሁን እጅ መጨበጥ፣ ለይቶ በካርዱ ላይ መጻፍ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መጠየቅ፤ ከዚያም መጠበቅ። የተለመደ ንግግር በደቂቃ ከ150 ቃላት በላይ ሲሆን በሰሌዳ የሚገልጹ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከ15 አያልፉም፤ ተረኛ በበዛበት የተመላላሽ ክፍል ደግሞ ሐኪሙ መልሱ ሳያልቅ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል።