ለስኮላርሺፕ ደላላ ከመክፈላችሁ በፊት

ሰሞኑን ከጋፋትም ከደብረ ታቦርም ወላጆች «አሰልጣኝ፣ ብር ከከፈላችሁ ልጃችሁን በሩጫ አሜሪካ ኮሌጅ እናስገባለን የሚሉ አሉ፤ እንክፈል ወይ?» ይሉኛል።

አትክፈሉ። ቦታውን የሚሰጠው የኮሌጁ አሰልጣኝ እንጂ ደላላው አይደለም። የአሰልጣኞቹ ኢሜይል ደግሞ በየኮሌጁ የስፖርት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል።

ለአሰልጣኙ የምትልኩት መልእክት ረጅም አይሁን፦ ስም፣ የክፍል ደረጃና ውጤት፣ ርቀትና ሰዓት፣ ውድድሩ የተካሄደበት ቀንና ቦታ፣ ቪዲዮ ካለም እሱ። ሰዓቱ መም ላይ በውድድር የተመዘገበ መሆን አለበት፤ የልምምድ ሰዓት ማንም አይቆጥርላችሁም። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗንም ጥቀሱ፤ ከፍታ የረጅም ርቀት ሰዓትን እንደሚያዘገይ አሰልጣኞቹም ያውቃሉ።

«ስኮላርሺፑ ሲገኝ ትከፍሉኛላችሁ» የሚል ደላላ ደግሞ የባሰ ነው። የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር (ኤንሲኤኤ) ክፍያን ከስኮላርሺፕ መገኘት ጋር ማያያዝን ይከለክላል፤ ጣጣው ለልጁ ይተርፋል። በማኅበሩ 3ኛ ዲቪዚዮን ያሉ ኮሌጆች ጭራሽ የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም፤ ደላላው ግን ይህን አይነግራችሁም።

እውነቱን ለመናገር እኔን የሚያሳስበኝ የልጆቻችን እግር ሳይሆን እንግሊዝኛቸው ነው። ለደላላ ያሰባችሁትን ብር ለቋንቋ ትምህርት አውሉት።

ጥያቄ ያላችሁ የልጁን ሰዓትና የክፍል ደረጃ ጨምራችሁ ጻፉልኝ።