ማመልከቻው ለምን ሳጥን በሳጥን ሆነ?

ባለፈው ክረምት ቤተሰብ ልጠይቅ ሉማሜ ሄጄ ነበር። ለታናሽ እህቴ በላፕቶፔ የጻፍኩላትን የሥራ ማመልከቻ በፍላሽ ይዛ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደች። ምዝገባው የሚዘጋው በዚያው ቀን ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወረቀቱን ይዛ መጣች፤ ከስልክ ቁጥሯና ከኢሜይሏ በቀር የቀረው በሙሉ ባዶ ሳጥን! «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

የቤቱ ኮምፒውተር አሮጌ ነው፤ ሰሞኑን ፎርማት ተደርጎ የአማርኛ ፎንቶቹ ገና አልተጫኑበትም። ግን እኮ ጽሑፉ ፍላሹ ላይ አለ፤ ታዲያ ፊደሉ የት ሄደ?

እውነቱን ለመናገር ፊደሉ መጀመሪያም ፍላሹ ላይ አልነበረም። የጽሑፍ ፋይል የሚይዘው ቁጥር እንጂ ቅርጽ አይደለም። «ሉማሜ» ብላችሁ ስትጽፉ ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው 4617፣ 4635፣ 4636 የሚሉ የዩኒኮድ ቁጥሮችን ነው። የ«ሉ» እግር የት እንደሚታጠፍ የሚያውቀው ፎንቱ ነው፤ ፎንት ማለት ለየቁጥሩ የተሳለ ቅርጽ የያዘ ሌላ ፋይል ነው። ቅርጹ ሲታጣ ማሽኑ ሳጥን ይስላል። ባለሙያዎች ሳጥኑን በእስያው ምግብ ስም «ቶፉ» ይሉታል፤ የጎግል «ኖቶ» ፎንትም ስሙን ያገኘው «ቶፉ ይቅር» ከሚል ሐሳብ ነው።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የላቲን ፊደላትን ቁጥር ተውሰው ስለሚሠሩ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የሚታየው ሳጥን ሳይሆን ትርጉም የለሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ነበር። የትኛው ይሻላል? እኔ ሳጥኑን እመርጣለሁ። ቢያንስ አንድ ነገር መጉደሉን በግልጽ ይናገራል።

ይህ ራስ ምታት ከእኛ ፎቶ ኮፒ ቤት በፊት ትልልቆቹን አስቸግሯል። ባንኮች ሜይንፍሬም በሚባሉ ግዙፍ ኮምፒውተሮች በአንድ ሌሊት እጅግ ብዙ የሒሳብ መግለጫ ያትማሉ። አርማው፣ የሠንጠረዡ መስመርና ፎንቱ በሁሉም ገጽ ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለየው ስምና ገንዘብ ብቻ። ታዲያ አንዱን አርማ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ደግሞ ደጋግሞ ወደ ማተሚያው መላክ ምን ይባላል? አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ኤኤፍፒ በተባለ አሠራር እነዚህ ነገሮች «ሪሶርስ» ተብለው ለብቻቸው ይቀመጣሉ። የኅትመቱ ሥራ በስም ይጠራቸዋል፤ አንዴ ወደ ማተሚያው ከተጫኑ ለሚቀጥሉት ገጾች እዚያው ይቆያሉ።

ችግሩ ያለው ስሙ ላይ ነው። አንድ ሰው አርማውን ቀይሮ በድሮው ስም ቢያስቀምጠውስ? ከዓመታት በኋላ የቆየ መግለጫ እንደገና ሲታተም አዲሱን አርማ ለብሶ ይወጣል። አንድ ደንበኛ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ቢያደርሰው «ያኔ የተላከልኝ ወረቀት ይህ ነው» ማለት አይችልም። ስለዚህ ለመዝገብ የሚቀመጥ ሥራ ሪሶርሶቹን አብሮ እንዲይዝ ይደረጋል። ፋይሉ ይከብዳል፣ ግን ስንቁን ይዞ የወጣ መንገደኛ ነው፤ የትም ቢያድር የሰው እጅ አያይም።

ፒዲኤፍ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ማመልከቻውን ላፕቶፔ ላይ ወደ ፒዲኤፍ ስቀይረው ፎንቱ አብሮ ተካተተ። ያውም ሙሉው አይደለም፤ ደብዳቤው ውስጥ የገቡት ፊደላት ቅርጽ ብቻ። የፒዲኤፍ ማንበቢያችሁ የፋይሉን ፎንቶች ዝርዝር የሚያሳይ ከሆነ፣ ከፎንቱ ስም ፊት ስድስት ትልልቅ የላቲን ፊደላትና የመደመር ምልክት ካያችሁ የተቆነጠረ ፎንት ነው ማለት ነው። (አንዳንድ ፎንቶች ግን በፈቃዳቸው ላይ «አታካትቱኝ» የሚል ምልክት አላቸው። ከማተም በፊት ዝርዝሩን ማየት አይከፋም።)

እህቴ እየሮጠች ተመልሳ ሄደች። አሁን አማርኛው ጥርት ብሎ ወጣ። ከዚያ ደወለች፦ የአባታችን ስም በ«ፀ» ተጽፏል፤ ዲግሪዋ ላይ ያለው ግን በ«ጸ» ነው። የስም ልዩነት ስንቱን እንዳመላለሰ ታውቃላችሁ። ባለቤቱ «ቆይ እኔ ፒዲኤፉ ላይ አስተካክለዋለሁ» ብሎ ሞከረ፤ ሳጥን። «ጸ» ደብዳቤው ውስጥ ሌላ ቦታ ስላልነበረ ፋይሉ ቅርጹን ይዞ አልሄደም!

ቤት ሆኜ አስተካክዬ እንደገና በቴሌግራም ላክሁላት። ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው አስገባች።