እርሳሱ ከየት ይነሣል?

የጄኔቫው የሥነ ልቦና ባለሙያ አንድሬ ሬይ እ.ኤ.አ. በ1941 ምንም የማይመስል ሥዕል ለፈተና አቀረበ፤ ትልቅ አራት ማዕዘን፣ በውስጡ የሚተላለፉ መስመሮች፣ በዳሩ ሦስት ማዕዘንና መስቀል፣ ሦስት ነጥብ ያረፈባት ትንሽ ክብ። ተፈታኙ መጀመሪያ እያየ ይገለብጠዋል። ቆየት ብሎ ሥዕሉ ይነሣና ያስታወሰውን እንዲሥል ይጠየቃል። በተለመደው አስተራረም 18 ክፍሎች ይታያሉ፤ ሙሉው ውጤት 36 ነው።

ፈተናው የተወጠነው አንጎላቸው ለተጎዳ ሰዎች ነበር። የአመጋገብ ሕመም አጥኚዎች ግን ከውጤቱ ባሻገር ቅደም ተከተሉንም መከታተል ያዙ።

አኖሬክሲያ፣ ማለትም ራስን በረኀብ የሚያስጎዳ የአመጋገብ ሕመም፣ ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ዋናውን አራት ማዕዘን ትተው ከአንድ ጥግ ወይም ከጥቃቅን መስመሮች ይነሣሉ። እያንዳንዷን መስመር ተጠንቅቀው ቢሥሉም፣ ምሰሶ ሳያቆም ማገር እንደሚማግር ሰው፣ ክፍሎቹን የሚያያይዙበት ያጣሉ። ችግሩ ጎልቶ የሚወጣው ሥዕሉ ከፊታቸው ሲነሣ ነው። አራት ማዕዘኑን አስቀድሞ የያዘ ሰው የቀረውን በእሱ ላይ እየሰካ ያስታውሳል፤ በቁርጥራጭ ያየው ግን ሁሉንም ለየብቻ መያዝ አለበት። የማስታወስ ድክመት የሚመስለው ነገር በከፊል የአተያይ ጉዳይ ነው።

ይህ የቡድን አማካይ እንጂ የምርመራ ውጤት አይደለም። ረኀብ ራሱም አእምሮን ይነካል፤ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 አንሰል ኪስ በሚኒሶታ 36 ጤነኛ ወጣቶችን ለወራት በግማሽ ረኀብ ሲያቆዩ፣ ወጣቶቹ ሐሳባቸውን መሰብሰብ ተቸግረው ሌት ተቀን ስለ ምግብ ያስቡ ነበር።

አኖሬክሲያ ባለባቸው ሰዎች አእምሮ ውስጥ የገዛ አካላቸው ምስልም ይዛነፋል። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ሰዎችን በበር መሰል ክፍተት አሳለፉ። ጤነኞቹ ለማለፍ ትከሻቸውን ማዞር የጀመሩት ክፍተቱ ጠብቦ ከትከሻቸው በ25 በመቶ ብቻ የሚሰፋ ሲሆን ነው። አኖሬክሲያ ያለባቸው ግን ክፍተቱ ከትከሻቸው በ40 በመቶ የሚሰፋ ሆኖ ሳለም ይዞሩ ነበር።

በለንደን ፕሮፌሰር ኬት ቻንቱሪያና ባልደረቦቻቸው አተያዩን ለማለማመድ አጫጭር ልምምዶች አዘጋጅተዋል። ታካሚዋ አንድ ቅርጽ ለባለሙያው በቃል ትገልጻለች፤ እሱም ሳያይ ይሥላል። ከጥቃቅኑ ከጀመረች ሥዕሉ ይበላሻል፤ ከትልቁ ስትጀምር ይገጥማል። ረጅም ደብዳቤን በጥቂት ቃላት ማሳጠርም ከልምምዶቹ አንዱ ነው። ልምምዱ የምግብና የክብደት ሕክምናውን አይተካም፤ በልምምዱ ቀጠሮዎች ግን ሆን ተብሎ ስለ ክብደትም ስለ ምግብም አይነሣም፤ ስለ ሁለቱ ማውራት ለሚከብዳት ታካሚ ወደ ሕክምና መግቢያ ቀላሉ በር ይህ ይሆንላታል።